ከሙዳዩ በፊት እሳቱ

ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ሙዳይ ነው። ክዳኑ ወደ ላይ ተመዞ እንደ ጎጆ ጣሪያ ይቆማል፤ ጫፉ ላይ በሁለት ጣት የሚያዝ ጉብታ አለው። ገላው ጥቁር ነው። በቀለም የተነከረ ሳይሆን ከተፈጥሮው የጠቆረ፣ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ቁራ ላባ የሚያብረቀርቅ ጥቁር። በዚያ ላይ ደረጃ እየሠራ የሚወጣ ቢጫ ጥለት ይዞረዋል። ጥቁሩ ፈርን የሚባል አበባ የሌለው የጥላ ተክል አገዳ ነው፤ ቢጫው የጃርት ወስፌ። ሁለቱን የተሸከሙት ቀጫጭን በትሮችና የተሰነጠቁ ሥሮች ግን ከውጭ አይታዩም።

የሠራችው ኤልሳቤጥ ኮንራድ ሂኮክስ ናት። በሰሜን ካሊፎርኒያ ተራሮች፣ የሳልመን ወንዝ ከክላማት ወንዝ በሚቀላቀልበት በሶምስ ባር አካባቢ ኖራ በ1947 አረፈች (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። እናቷ ፖሊ ከሃምቦልት ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ዊዮት ከተባለው ተወላጅ ሕዝብ የመጣች ቅርጫት ሠሪ ነበረች፤ አባቷ ነጭ። ኤልሳቤጥ ግን ያደገችውም ያገባችውም፣ እጇ የተፈታውም ሌላ ተወላጅ ሕዝብ በሆኑት በካሩኮች አገር ነው። «ካሩክ» በቋንቋቸው «ወደ ወንዙ ላይኛው» ማለት ነው፤ ጎረቤቶቻቸው ዩሮክ የተባሉት ደግሞ «ወደ ወንዙ ታችኛው» ከሚለው የካሩክ ቃል ነው። እኛ ላይ አምባ ታች አምባ እንደምንለው፣ እነሱም ሰውን የሚለዩት በወንዙ ነው።

ስለ ኤልሳቤጥ ሲወራ ብዙ ጊዜ ከሙዳዩ ተነሥቶ እዚያው ሙዳዩ ላይ ይቀራል። ሙዳዮቿ ዛሬ ኒው ዮርክ ባለው በሜትሮፖሊታን ሙዚየም መስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል። ይገባቸዋል። ነገር ግን አንዲት የካሩክ ቅርጫት ሠሪ ለልጇ የምታወርሰው ሙዳይ አይደለም። ሙዳይ ይሸጣል፣ ይሰጣል፣ ይቃጠላል። የሚወረሰው የትኛው ገደል ሥር ጥቁር ፈርን እንደሚበቅል፣ የትኛው ተዳፋት ባለፈው ዓመት እንደተቃጠለ፣ በትሩ በየትኛው ሳምንት እንደሚላጥ ማወቅ ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው፦ የዚህ ሙያ ውርስ ከእጅ አስቀድሞ መሬት ላይ ይኖራል፤ መሬቱ ሲከለከል እጅም ይሞታል።

የኤልሳቤጥን ታሪክ ግን በችኮላ መዝለል አይቻልም። በ1908 ግሬስ ኒኮልሰን የምትባል፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ የፓሳዴና ከተማ ነጋዴ ከሥራዋ ጋር ተዋወቀች። ኒኮልሰን በየመንደሩ እየዞረች የተወላጆችን ቅርጫት የምትገዛ፣ የምትመዘግብና ለሰብሳቢዎችና ለሙዚየሞች የምትሸጥ ሴት ነበረች። ከሃያ ዓመታት ለበለጠ ጊዜ የኤልሳቤጥና የልጇ የሉዊዝ ሥራ ዋና ገዢ ሆነች። የኤልሳቤጥ ባል ሉተር ሂኮክስ በከፊል ካሩክ ነበር፤ ወርቅ በማውጣትም በአካባቢው ዳኝነትም ይሠራ ነበርና ቤቱ ለዕለት ጉርስ ብሎ ቅርጫት መሸጥ አላስፈለገውም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በዚያን ዘመን ብዙዎቹ ሴቶች ቅርጫታቸውን የሚሸጡት ለዱቄትና ለጨርቅ ነበር፤ ችኮላውም በሥራው ላይ ይታያል። ኤልሳቤጥ ጊዜ ነበራት። አንድ ሙዳይ ላይ ወራት ማጥፋት ትችል ነበር።

አንዳንድ ሰው እነዚህን ክዳን ያላቸው ትንንሽ ሙዳዮች «ለቱሪስት የተሠሩ» ብሎ ዝቅ ያደርጋቸዋል። በእኔ እምነት ስህተት ነው። እርግጥ ነው፣ በድሮው የካሩክ ቤት ውስጥ ዋናዎቹ ሌሎች ነበሩ፦ ኦክ ከሚባለው ዛፍ ፍሬ የሚሠራ ገንፎ የሚበስልበት ቅርጫት፣ ሲፕኑክ የሚባለው ትልቁ የፍሬ ማከማቻ፣ ልጅ እግሩን አውጥቶ የሚቀመጥበት ማዘያ፣ ሴቶች የሚደፉት ቆብ። ቆቡ «አፕሃን» ይባላል፤ ነጮቹ ሲመጡም ካሩኮች ባርኔጣቸውን አይተው «ሰፊ ቆብ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ ስሙ እስከ ዛሬ አለ። ሙዳዩ ለገበያ የመጣ ቅርፅ ቢሆንም የሚጠይቀው ችሎታ ግን ከቆቡ አያንስም። እንዲያውም ክዳኑ ያለ ክፍተት ከአፉ ጋር እንዲገጥም፣ ጥለቱም ከገላው ወደ ክዳኑ ሳይዛነፍ እንዲሻገር ማድረግ ቆብ የማይጠይቀው ፈተና ነው።

ለአማርኛ አንባቢ አንድ ነገር ለይቼ ላስቀምጥ። የእኛ መሶብና ሙዳይ ስፌት ነው፤ ሰበዝ ይጠቀለላል፣ ወስፌ ይወጋል፣ አለላ ይከተላል። የካሩክ ሥራ ግን ከስፌት ይልቅ ለሸማ ይቀርባል። ድርና ማግ አለው። ድሩ ከመሃል እንደ ፀሐይ ጨረር የሚበተን የበትር ረድፍ ነው። ማጉ ሁለት የተሰነጠቁ ሥሮች ናቸው፤ አንዱ ከበትሩ በፊት፣ አንዱ ከኋላ ያልፉና በየሁለቱ በትር መካከል ግማሽ ዙር ይጠማዘዛሉ። ጥለቱን የሚያወጣው በማጉ ላይ ከውጭ በኩል የሚደረብ ሦስተኛ ስስ ክር ነው፦ ነጭ ሣር፣ ጥቁር ፈርን፣ ቀይ ፈርን፣ ወይም ቢጫ የጃርት ወስፌ። ሥሩ ሲጠማዘዝ ክሩ አብሮ አይገለበጥም፤ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ይቀራል። ስለዚህ የካሩክ ቅርጫት ውስጡ ሲታይ ጥለት የለውም፤ እርቃኑን የቆመ ሥር ብቻ ነው የሚታየው። ወደ ምሥራቅ ራቅ ብለው በሚኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ክሩ ሙሉ ዙር ስለሚጠማዘዝ ጥለቱ በውስጥም በውጭም ይታያል። የአንድ ቅርጫት አገር ሲያጠራጥር መጀመሪያ ውስጡን ማየት የሚሻለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ በትሩ።

ዋናው የድር በትር ሄዝል ከሚባል ቁጥቋጦ ይገኛል፤ በካሩክ ቋንቋ «ሱሪፕ» ይሉታል። ፍሬው የሚበላ ለውዝ ነው። ሰው ሳይነካው የኖረ ሄዝል ግን ለቅርጫት አይሆንም። ቅርንጫፉ ይሻግታል፣ ይጣመማል፣ በየጎኑ ያቆጠቁጣል፣ ነፍሳት ይበሱታል። እንዲህ ያለው በትር ሲታጠፍ ከጉጡ ላይ ይሰበራል። የሚፈለገው ከሥሩ እስከ ጫፉ ውፍረቱ ብዙ የማይለዋወጥ፣ ጎኑ ያልቆጠቆጠ፣ ቀጥ ያለ ሎጋ በትር ነው። እሱን በብዛት የሚሰጠው እሳት ነው። በበጋው ማብቂያ ወይም በመኸር (ወቅቶቹ እንደዚያ አገር ናቸው፦ በጋው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ሞቃት ጊዜ፣ ክረምቱ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ቀዝቃዛና ዝናባማ ጊዜ)፣ ነበልባሉ ዝቅ ብሎ በሚሄድበት ቀን ተዳፋቱ ይለኮሳል። የላዩ አሮጌ ግንድ ይነዳል፤ ከመሬት በታች ያለው ጉንድ ግን ይተርፋል፤ በሚቀጥለው ወቅትም ባጠራቀመው ጉልበት ሁሉ ቀጥ ያሉ ቡቃያዎችን ይወረውራል። ተመራማሪዎች ከካሩክና ከዩሮክ ቅርጫት ሠሪዎች ጋር ሆነው ቆጥረውታል፦ ከተቃጠለ በኋላ አንድ የዕድገት ወቅት ያሳለፈ ቁጥቋጦ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ወቅት ካሳለፈው ጋር ሲነጻጸር 13 እጥፍ የቅርጫት በትር ይሰጣል። አሮጊቶቹ ቁጥሩ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ለማሳመን ግን አስፈልጓል።

መቁረጫው ጊዜ ጠባብ ነው። ከእሳቱ በኋላ አንድ ክረምትና አንድ በጋ አልፎ በሚመጣው ሁለተኛ ፀደይ፣ በሚያዝያና በግንቦት አካባቢ፣ ውኃው ወደ ግንዱ ሲወጣና ቅጠሉ ገና ብቅ ሲል ነው። በአንድ ቦታ ላይ ይህ ከጥቂት ሳምንታት አያልፍም። ፈተናው ቀላል ነው፦ አንድ በትር ተቆርጦ ቅርፊቱ በጣት ተይዞ ሲሳብ እንደ ሙዝ ልጣጭ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ደርሷል። ቀድሞ የመጣ ሰው ቅርፊቱ አልላቀቅ ይለዋል፤ በቢላ ልፋቀው ካለ በትሩ ይቆስላል፣ ቁስሉም ሲደርቅ ይጠቁራል። የዘገየ ደግሞ ቅጠሉ አድጎ በየቦታው ጠባሳ ያገኛል። ከወንዙ ዳር ጊዜው ሲያልፍ ወደ ተራራው ከፍ ማለት ነው፤ ላይ ላይ ስለሚቀዘቅዝ ወቅቱ ዘግይቶ ይደርሳል። መልከዓ ምድሩን የምታውቅ ሴት ወቅቱን በእግሯ እየተከተለች ታራዝመዋለች።

መላጡ በዚያው ቀን ነው፤ ካደረ ቅርፊቱ ይጣበቃል። የተላጠው በትር ፀሐይ ላይ ይዘረጋል፣ እየተገለበጠ ይነጣል። ዝናብ ወይም ጤዛ ካገኘው ሻጋታ ግራጫ ነጥብ ያወጣበታል፤ ነጥቡ በኋላ በምንም አይለቅም። ከዚያ በውፍረት ይለያል፦ እርሳስ የሚያህለው ለሸክም ቅርጫትና ለልጅ ማዘያ፣ ክብሪት እንጨት የሚያህለው ለቆብ። ታስሮም ወራት፣ ብዙ ጊዜ እስከ ዓመት ይቆያል። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ያልደረቀ በትር በቅርጫቱ ውስጥ ሆኖ ሲደርቅ ይቀጥናል፤ በደንብ የጠበቀ የመሰለው ማግ ይላላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ቅርጫቱ በእጅ ውስጥ ይንቀጫቀጫል።

ማጉ ሥር ነው። የጥድ ሥር በእጅ እየተከተሉ ይቆፈራል፤ ከአንድ ዛፍ ጥቂት ብቻ ተወስዶ አፈሩ ይመለሳል። የጣት ውፍረት ያለውና ቀጥ ብሎ የሄደ ይመረጣል፤ ድንጋያማ መሬት ላይ ያደገ ሥር ይጠማዘዛልና ሲሰነጠቅ ያታልላል። ሥሩ በአሸዋ ተሸፍኖ ከላዩ እሳት ይነድድበትና ይበስላል፤ ገና ትኩስ ሳለም ይሰነጠቃል። አንዱ ጫፍ በጥርስ ይያዛል፣ ሁለቱ ግማሾች በሁለት እጅ እኩል ይሳባሉ፤ ግማሹ እንደገና ለሁለት፣ እሱም ለሁለት። ስንጥቁ ወደ አንድ ጎን መሸሽ ከጀመረ በወፍራሙ ወገን መሳብ ነው፤ በቀጭኑ ወገን የሳበ ሰው ቀጭኑን ይበጥሰዋል። የአኻያ ሥር ደግሞ ከወንዙ ዳር ጠጠር ላይ፣ የክረምቱ ሙላት ከጎደለ በኋላ ይለቀማል። ጎርፉ አሸዋውን አጥቦ ሥሩን ገላልጦ ይሄዳልና፣ ረጅምና ንጹሕ ሆኖ በቀላሉ ይመዘዛል። ወንዙ በግድብ ሲታሰር ይህም ይጎዳል። በ2023 እና በ2024 በክላማት ላይ የነበሩት አራት ግድቦች ሲፈርሱ ዓለም ያወራው ስለ ሳልመን ዓሣ ነበር፤ ቅርጫት ሠሪዎቹ ግን የጠጠሩን ዳርም እያዩ ነው።

ነጩ ክር ረጅምና ሻካራ ከሆነ የተራራ ሣር ይመጣል፤ ፈረንጆቹ የድብ ሣር ይሉታል፣ ካሩኮች «ፓንዩራር»። እሱም እሳት ወዳድ ነው። ሳይቃጠል የከረመው ቅጠል ወፍራም፣ የገረጣና ተሰባሪ ነው፤ ከእሳት በኋላ ባለው በጋ የሚወጣው ግን ስስና ለስላሳ ነው። ከእያንዳንዱ ጉንጉን የመሃሉ ቅጠል ብቻ ይመዘዛል። ጠርዙ እንደ መጋዝ ስለሆነ ወደ ላይ በአንድ ትንፋሽ መሳብ እንጂ ጣትን በጠርዙ ላይ ማንሸራተት አይገባም፤ ይቆርጣል። ፀሐይ ላይ ይነጣል፣ የመሃል ጅማቱ ይወጣለታል፣ በእኩል ስፋት ይቀደዳል።

ቀዩ ከሌላ ትልቅ ፈርን ነው። አገዳው በድንጋይ ቀስ ተብሎ ሲመታ ይሰነጠቅና ከውስጡ ሁለት ጠፍጣፋ ክሮች ይወጣሉ። ማቅለሚያው አልደር የሚባል ዛፍ ቅርፊት ነው። ድሮ ቅርፊቱ በአፍ ይታኘካል፣ ክሩም በከንፈር መካከል ይሳባል፤ ምራቅና ቅርፊት ተቀላቅለው ብርቱካናማ ወደ ቀይ ያደርጉታል። ዛሬ ብዙዎች በውኃ ይዘፈዝፉታል። ቢጫው ደግሞ በጥድ ግንድ ላይ ከሚበቅል ደማቅ የዛፍ ሽበት ይገኛል፤ የጃርት ወስፌ ከእሱ ጋር ይቀቀላል። ያ ሽበት መርዛማ ነውና እሱን ማንም አያኝክም።

የጥቁሩን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት በኤልሳቤጥ ሙዳይ ምክንያት ነው። ጥቁሩ ፈርን ፏፏቴ አጠገብ፣ ጥላና ጤዛ በማይለየው ገደል ሥር ይበቅላል፤ አገዳው ቀጭን ነው። በበጋው መጨረሻ ይለቀማል። ቅጠሉ ይራገፋል፣ አገዳው ይረጥባል፣ በቀስታ ተጨፍልቆ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ አንዱ ወገን ጥቁር ነው፣ ሌላው ቀላ ያለ ቡናማ። የሚፈለገው ጥቁሩ ብቻ ነው። ጉልበት የሌለው ክር ነው፤ ትንሽ ደርቆ ከተጠማዘዘ ይቀነጠሳል፣ ከልክ በላይ ከረጠበ ይላላና በኋላ ይነሣል። አብዛኞቹ ቅርጫት ሠሪዎች ለዚህ ነው ጥቁሩን ለጥለቱ ብቻ፣ በጥቂቱ የሚያስገቡት። መሬቱን ነጭ ያደርጉና ጥቁሩን እንደ ጌጥ ያኖሩበታል። ኤልሳቤጥ ገለበጠችው። መሬቱን ሙሉ በሙሉ በጥቁር ፈርን ሸፈነችና ቢጫውን ጌጥ አደረገች። በእጁ ፈርን ሰንጥቆ የማያውቅ ሰው የቀለም ምርጫ ብቻ ይመስለዋል፤ የሚያውቅ ግን በየአንዱ ዙር ላይ ስንት ጊዜ ሊበጠስ ይችል እንደነበር ያስባል። የተበጠሰ ክር ሲቀጠል ጅራቱ ከበትሩ ጀርባ ይሰወራል። በእሷ ሙዳይ ላይ ቅጥሉን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

አጀማመሩ ከሁሉ ይከብዳል። ጥቂት በትሮች ጎን ለጎን ይደረደራሉ፣ ሌሎቹ በላያቸው መስቀለኛ ይሆናሉ፣ መገናኛው በቀጭን ሥር ይጠበቃል። ጥቂት ዙር ከሄደ በኋላ በትሮቹ እንደ ጎማ ራዲየስ ይበተናሉ፤ ክፍተት ሲፈጠርም ጫፉ የተሳለ አዲስ በትር ከነባሩ ጎን ይሰገሰጋል። በአንድ ዙር ብዙ ከተጨመረ ወለሉ እንደ ቅጠል ይወላገዳል፤ ከሚገባው በታች ከተጨመረ ሳይታሰብ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ወለሉ አልቆ ግድግዳው ሲጀመር በሁለት ፈንታ በሦስት ሥር አንድ ዙር ይሄዳል፤ ይህ እንደ ገመድ ሆኖ ቅርፁን ይይዛል። ከዚያ ጥለት ከመግባቱ በፊት መቁጠር ግድ ነው። የበትሩ ብዛት በሚደጋገመው ጥለት ቁጥር እኩል ካልተካፈለ፣ ዙሩ ሲዘጋ የመጨረሻው ጥለት ተጨፍልቆ ወይም ተለጥጦ ይገኛል። ወረቀት ላይ የሚነደፍ የለም፤ ባልጩት፣ የእንቁራሪት እግር፣ የስተርጅን ዓሣ ጀርባ የሚባሉት ጥለቶች ሁሉ በጭንቅላት ውስጥ በቁጥር ነው የሚኖሩት።

በ1929 ሊላ ኦኒል የምትባል ተመራማሪ የሙዚየም ቅርጫቶችን ፎቶ ይዛ ወደ ካሩክና ዩሮክ መንደሮች ሄደችና ሴቶቹን አስተያየት ጠየቀች። ዕቃውን ከመሰብሰብ አልፎ ባለሙያዋን ዳኛ ማድረግ ለዚያ ዘመን ያልተለመደ ነበር። እነሱም ዳኙ፦ የማጉን እኩልነት፣ የጥለቱን አቀማመጥ፣ የትኛው ጥለት ለየትኛው ቅርጫት እንደሚገባ። ይህ የሚያሳየው ሙያው ሕግም ሂስም እንደነበረው ነው። ጥሩና መጥፎ የሚለይበት ሚዛን ከመንደሩ ውጭ መምጣት አላስፈለገውም።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንዴት ሊቋረጥ ደረሰ? በእጅ መስነፍ አልነበረም። የካሊፎርኒያ መንግሥት ገና በ1850 ባወጣው ሕግ ተወላጆች ሜዳ ማቃጠላቸውን ቅጣት አደረገበት። በ1851 ከካሩክና ከጎረቤቶቻቸው ጋር የተፈረመውን ውል የአሜሪካ ሴኔት አላጸደቀውም፤ በሚቀጥለው ዓመት የካሩክ መንደሮች በወርቅ ፈላጊዎች ተቃጠሉ። ቀጥሎ መሬቱ ብሔራዊ ደን ተባለ። በ1918 የኦርሊንስ ወረዳ የደን ኃላፊ ለአለቆቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ እሳት የሚለኩሱትን ለማስቆም አስተማማኙ መንገድ መግደል እንደሆነ፣ በቁጥቋጦ ውስጥ ሲያደቡ በታዩ ቁጥር እንዲተኮስባቸው ሐሳብ አቀረበ። ከሚያደቡት መካከል ለቅርጫት በትር ብላ የምትለኩስ ሴት እንደነበረች አንዘንጋ። በ1935 የደን አገልግሎቱ ማንኛውም እሳት በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት መጥፋት አለበት የሚል ደንብ አወጣ። ልጆቹም ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተወሰዱ፤ በፀደይ፣ በትሩ በሚላጥበት ሳምንት፣ ከእናታቸው ጋር አልነበሩም። ኤልሳቤጥና ሉዊዝ የሠሩት እንግዲህ በዚህ መሃል ነው። ሙዳዮቹ በፓሳዴና ሲደነቁ፣ ሙዳዩ የሚበቅልበት ተዳፋት እየተዘጋ ነበር።

እሳቱ ሲከለከል ሁለት ነገር ሆነ። ሄዝሉ ሻገተ፣ ሣሩ ደረቀ፣ ሴቶቹ መንገድ ሲቀደድ ወይም እንጨት ሲቆረጥ የበቀለውን እየለቀሙ ኖሩ። ደኑ ደግሞ ማገዶ አከማቸ። በመስከረም 2020 ስሌተር የተባለው ሰደድ እሳት በካሩክ አገር ያለችውን ሃፒ ካምፕን ሲመታ ሁለት ሰዎች ሞቱ፣ ወደ 200 የሚጠጉ ቤቶች ወደሙ፣ ብዙ የካሩክ ቤተሰቦችም ያለ ጣሪያ ቀሩ። ትንሹን እሳት የከለከለ ትልቁን እሳት እንደጋበዘ ካሩኮች ከመቶ ዓመት በላይ ሲናገሩ ኖረዋል።

ሌላው ችግር መርዝ ነው። የእንጨት ኩባንያዎችና የደን ኃላፊዎች ቁጥቋጦን ለማጥፋት አረም ገዳይ ኬሚካል ሲረጩ፣ ከሚረጨው ውስጥ ቅርጫት ሠሪዋ የምትለቅመው አለ። የሥሩን ጫፍ በጥርስ እንደምትይዝ፣ ቅርፊቱን እንደምታኝክ ከላይ አይተናል። «በዚህ መጠን ለመንገደኛ ጉዳት የለውም» የሚለው ስሌት ተክሉን አፉ ውስጥ የሚያስገባን ሰው አልቆጠረም። በ1992 የተቋቋመው የካሊፎርኒያ ተወላጆች ቅርጫት ሠሪዎች ማኅበር ከመጀመሪያ ትግሎቹ አንዱ ያደረገው ይህን ነው። መርዙ በሌላ በኩልም ይመጣል፤ ሙዚየሞች ድሮ ነፍሳት እንዳይበሉት ብለው ቅርጫትና የጭፈራ አልባሳትን በአርሴኒክ ያክሙ ነበር። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በኋላ ወደ ባለቤቱ የተመለሰ ቆብ ሳይመረመር ራስ ላይ ሊደፋ አይችልም። ቆብ ደግሞ ሊደፋ፣ በጭፈራው ሌሊት ሊወጣ የተሠራ ነው። የማይደፋ ቆብ መመለሱ ግማሽ መመለስ ነው ብዬ አምናለሁ።

መልሶ የመያዙ ሥራ የጀመረው ከላይ አይደለም። ላቨርን ግሌዝን የመሳሰሉ ቅርጫት ሠሪዎች ከሲክስ ሪቨርስ ብሔራዊ ደን ሠራተኞች ጋር ሆነው ከ1997 ጀምሮ በየበጋው ሰው እየሰበሰቡ ከመልቀም እስከ መጎንጎን አስተማሩ። መርሐ ግብሩ «ጭሱን መከተል» ተባለ፤ ስሙ ራሱ ጭሱ በወጣበት ተራራ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚለቀም ይናገራል። ዋናው ውጤት ተማሪዎቹ ብቻ አልነበሩም፤ የደን ሠራተኛው ራሱ ተቀምጦ የማይሰበር በትር ከየት እንደሚመጣ በጣቱ ተማረ። ካሊፎርኒያ በ2024 ሕጓን አሻሽላ፣ በ2025 መጀመሪያ የካሩክ ነገድ ያለ ግዛቱ ፈቃድ ባህላዊ እሳት እንዲለኩስ ስምምነት የፈረመ የመጀመሪያው ሆነ። ከአባቶቻቸው ምድር አብዛኛው ግን አሁንም በፌዴራሉ የደን አገልግሎት እጅ ነው፤ እዚያ ሕጉ ሌላ ነው። ሃፒ ካምፕ ውስጥ ካሩኮች የራሳቸው ሙዚየም አላቸው፤ የዲጂታል ቤተ መዛግብታቸውንም ሲፕኑክ ብለውታል፣ በፍሬ ማከማቻው ቅርጫት ስም።

ጊዜውን እንቁጠረው። በጥቅምት የተለኮሰ ተዳፋት በሚቀጥለው በጋ ያቆጠቁጣል። በትሩ የሚላጠው ከዚያ በጋ በኋላ በሚመጣው ሚያዝያ ነው። እስከሚቀጥለው ክረምት ይደርቃል። በዚያው ክረምት የተጀመረ ቆብ፣ ጀማሪ ከያዘችው፣ ፀደይ ላይ ያልቅ ይሆናል። ከክብሪቱ እስከ ቆቡ ወደ ሦስት ዓመት ነው። በዚህ መሃል ተዳፋቱ እንደገና እየጠና ስለሚሄድ ሌላ ተዳፋት መለኮስ አለበት፤ ስለዚህ አንዲት ቅርጫት ሠሪ ሁልጊዜ ሦስት ቦታ ታስባለች፦ ዘንድሮ የሚቃጠለውን፣ ዘንድሮ የሚያድገውን፣ ዘንድሮ የሚለቀመውን።

የመጀመሪያዋ ቅርጫት ብዙ ጊዜ ጠማማ ናት። ወለሉ ይወላገዳል፣ ማጉ አንድ ቦታ ጠብቆ ሌላ ቦታ ይላላል፣ ጥለቱ ሲዘጋ አይገጥምም። በዚያ አገር ልማድ ጀማሪዋ አታስቀምጣትም፤ ለሌላ ሰው ትሰጣታለች፣ ብዙ ጊዜም ላስተማረቻት አሮጊት። አሮጊቷም ተቀብላ ውስጧን ገልብጣ ታያለች፤ ስህተቱ በደንብ የሚታየው ጥለት በሌለበት በዚያ ወገን ነው። ከዚያም ሌላ የበትር እስር ታወጣላታለች።